ውሃ ያመጣው ክንዴ

ሰዎች፣ ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝም!

ያውም ሰርግ ላይ። ያውም ማይክ ይዤ!

ሸዋ በር አካባቢ የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ምሳ ተበልቶ፣ ምርቃቱ ካለቀ በኋላ "እስቲ ግርማ፣ አንድ ጨዋታ አምጣ" አሉኝ። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ አንዴ ማይክ ከሰጣችሁኝ የምታስለቅቁኝ በፖሊስ ነው።

እና ያችን ታሪኬን ጀመርኳት። የክንዴን ታሪክ! እዚህ ገጽ ላይም ስንቴ ፖስት አድርጌያታለሁ። ላይክም አግኝታለች፣ ለምን እዋሻለሁ።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልድገማት።

ደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ከተማችን፣ አቦከር ነን። እኔ ገና ጢም ያላበቀልኩ ጎረምሳ ነኝ። ላይ ሰፈር፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎን፣ ቦኖ፣ ማለት የሕዝብ ቧንቧ፣ አለ። ከቦኖው ጀርባ የሹማምንት ግቢ አለ፤ ጽጌረዳው በጎማ ነው የሚጠጣው። እኛ ታች ሰፈር ግን ሴቶቹ በኤረር በር ከከተማ ወጥተው፣ ከምንጭ ቀድተው፣ እንስራውን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ዳገቱን ወጥተው ነው የሚመለሱት። ሰው እየተጠማ አበባ ይጠጣል!

አዲስ ቦኖ ሊተከል ነው ተባለ። አንድ ብቻ። የት እንደሚተከል ደግሞ ከአውራጃ የሚመጡ እንግዳ አይተው ይወስናሉ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እዚያው ላይ ሰፈር፣ ደጃፋቸው ላይ እንዲሆንላቸው ጎምጅተዋል።

ለእኛ ነገሩ የውሃ ነው። ለኑሪያ ግን የትምህርት ነበር።

ኑሪያ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ጠዋት ውሃ ቀድታ ስትመለስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ይጠብቃታል። እናቷም ሰለቻቸውና ቁርጡን ነገሯት። "ቦኖው ለመስከረም እኛ ጋ ካልመጣ ትምህርቱ ይቅርብሽ። ደብተርና እንስራ አንድ ላይ አይያዝም።"

ታዲያ ለምን ሄዳችሁ አልተናገራችሁም ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ባካችሁ! በዚያ ዘመን?

እዚህ ላይ ሃምሳ አለቃ ይገባሉ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ወታደር ናቸው፤ የቀበሌውን ወጣቶች ጂምናስቲክ ያሠለጥናሉ። እኛ "ሰርከሱ" ነው የምንለው። ፍራሻችን ገለባ የታጨቀበት ጆንያ ነው።

"በአፍ ብትናገሩ 'ማን ነው ያናገራችሁ?' ትባላላችሁ" አሉን። "ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ማሳየት ግን ስፖርት ነው። ስፖርትን ማን ያስራል?"

አይ ሃምሳ አለቃ! ምን ዓይነት ጭንቅላት ነበራቸው!

ዕቅዱ ይኸው። እንግዳው በሚመጡበት ቀን ፒራሚድ እንሠራለን። ከታች ሦስት ልጆች በእጅና በጉልበት እንንበረከካለን፣ በላያችን ሁለት፣ ጫፉ ላይ ኑሪያ ትቆማለች። እዚያ ላይ ሆና ጀሪካኑን ትገለብጠዋለች። ጠብ የሚል ነገር የለም። አንድ ቃል ሳንተነፍስ ለእንግዳው ይገባቸዋል።

እኔ ከታች መሀል ነኝ። ምሰሶው ማለት ነው!

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሏል። እንግዳው ወንበር ላይ፣ ሊቀመንበሩ አጠገባቸው። ኑሪያ የወንድሟን ሱሪ ከቀሚሷ ስር ለብሳ፣ እንደ ድመት ጀርባ ለጀርባ እየረገጠች ወጣች። ቆመች። ጀሪካኑን ከፍ አደረገች።

ጭብጨባው ቀለጠ። ይሄኔ ሊቀመንበሩን ስሜት ያዛቸውና ብድግ ብለው...

"ኢትዮጵያ ትቅደም!"

ወይኔ!

የዘመኑ ሰዎች ከወዲሁ እየሳቃችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ለልጆቹ ላስረዳ። ያኔ መፈክር ሲጠራ ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ነው። እጁ የዘገየ ሰው በክፉ ዓይን ይታያል። አባቴ ራት ላይ ሳይቀር "እጅህ ከሰው እጅ ኋላ እንዳይቀር" እያሉ ነው ያሳደጉኝ።

ወላሂ እኔ አላነሳሁትም። እጁ ራሱ ተነሳ!

ምሰሶው በአንድ እጅ ቀረ። ፒራሚዱ ተናደ። ጀሪካኑ ሳይገለበጥ ኑሪያ ተገለበጠች። የቀሩት በሙሉ እኔ ላይ ወደቁ። ክንዴ ከትከሻዬ ወለቀ።

ኡኡ እያልኩ ተሸክመው ወጌሻ ቤት ወሰዱኝ። ክንዴ ከተመለሰ በኋላም እስኪሽረኝ ድሬዳዋ አክስቴ ጋ ተላክሁ። ስመለስ ታች ሰፈር ለቧንቧው ቦይ ተቆፍሯል! ቦኖው የእኛ ሆኗል!

"ምን ተገኘ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ያ የሰርከሱ ቀን የተወሰነ ነው እኮ!" አሉኝ።

ይሄን ስሰማ ደመደምኩ። እንግዳው የወለቀውን ክንዴን አይተው አዘኑልኝ። "ለዚህ ልጅ ሰፈር ውሃ ይግባለት" አሉ። ማን ነገረኝ? ማንም! ራሴው ነኝ ለራሴ የነገርኩት።

ይኸውላችሁ፣ ስንት ዘመን ሙሉ "ታች ሰፈር ውሃ የጠጣው በዚህ ክንድ ነው" እያልኩ እጅጌዬን ስሰበስብ ኖርኩ።

ዛሬም ሰበሰብኩ። ሰርገኛው አጨበጨበ። አንዳንዱማ ፎቶ አነሳኝ!

ከዚያ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዲት መነጽር ያደረጉ፣ ሻሻቸውን አሳምረው የጠመጠሙ ሴትዮ ተነሱ።

"አቦ ግርማ፣ ተው እንጂ!"

ማን እንደሆኑ አላወቅኋቸውም። ፈገግ ብዬ "ይቅርታ እናቴ፣ አላስታወስኩዎትም" አልኩ።

"እናቴ ይለኛል እንዴ! ኑሪያ ነኝ። ጀርባህ ላይ ቆሜ አላወቅኸኝም?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ጅጅጋ ስታስተምር ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ ተመልሳለች።

"አንተን ወጌሻ ጋ ሲወስዱህ እንግዳው እየሳቁ ሊሄዱ ተነሱ" አለች። "ክንድህንም ያየልህ የለም፣ አትቀየመኝ። ሾፌሩ የመኪናውን በር ከፍቶላቸው ነበር። 'ስፖርትን ማን ያስራል?' ብዬ ሮጬ መኪናው ፊት በእጆቼ ቆምኩ።"

በእጆቿ! እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ! ከንፈሯ ከአወዳደቋ የተነሳ እየደማ!

ሊቀመንበሩ "ውረጂ!" ይላሉ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። እሷ ፍንክች አላለችም። እንግዳው መጀመሪያ ሳቁ። ቆየት ብለው ሰዓታቸውን አዩ። በመጨረሻ ሳቁ ጠፋባቸውና ጎንበስ ብለው፣ "ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?" አሏት።

"ውሃ። ታች ሰፈር።"

በቃ ይኼው ነው። እኛ ከነሃምሳ አለቃችን ፈርተን በጀሪካን የጠቀለልነውን ነገር፣ ልጅቷ ተዘቅዝቃ በአፏ ተናገረችው!

እኔ ማይኩን እንደያዝኩ ነኝ፤ መያዜንም ረስቻለሁ።

"ያን ያህል ጊዜ እንዴት ቻልሽው ግን?" አልኳት።

"እግሬ መሬት ከነካ ትምህርቴ አበቃ ብዬ ነዋ" አለች። "እጄ ዛለ፣ ዓይኔ ጨለመ። እናቴ ያለችኝ ግን ጆሮዬ ላይ ነበር።"

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ አፈርኩ። ያን ውሃ ስንት ዓመት ስጠጣ፣ ስታጠብበት፣ ማን እንዳመጣው አንድ ሰው እንኳ አጥብቄ አልጠየቅሁም። መልሱን ትከሻዬ ላይ ይዤው እዞራለሁ ብዬ!

ማይኩን ይዤላት ሄድኩ። አልተቀበለችኝም። "ይልቅ ክንድህ ዳነ?" አለችኝ።

"ድኗል" አልኳት። የሰበሰብኩትን እጅጌዬንም መልሼ ዘረጋሁት።

እና እባካችሁ፣ ታሪኩን ከእኔ ሰምታችሁ ሼር ያደረጋችሁ ሁሉ፣ የእኔን ክንድ አውጡና የእሷን ሁለት እጆች አስገቡበት። እኔም የግድ መግባት ካለብኝ፣ መፈክር ሰምቶ የተናደው በሉኝ!