የተዋጡት ምቶች

ፍትሕ ወዳድ ሁሉ ልብ ይበል፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ከእንግሊዝኛ ሥልጠና የተመለሱት እያዘኑ ነበር። በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዱ ክፍል ጠበቅ ተደርጎ ሲጠራ የቀሩት እንደሚዋጡ ተምረዋል። «የተዋጡት ምን በደሉ?» እያሉ ምሳቸውን እንኳ በቅጡ አልበሉም።

በዚሁ ኀዘን ላይ ሳሉ የመሥሪያ ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ወደሚለማመድበት አዳራሽ ገቡ። ከበሮ መቺው፣ በግቢው «አባ ዝግታ» የሚባሉት፣ አንዱን ምት ጠበቅ፣ የቀሩትን ላላ ያደርጋሉ።

«ይሄኛው ምት ዘመድዎ ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ጌታዬ፣ እሱ ከሌለ እግር ማረፊያ ያጣል።»

መልሱ ከአድልዎ ተቆጠረ። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሰፊ ውይይት ተደርጎ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ተናግረው፣ ምትም ንግግርም እኩል እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አባ ዝግታ በዓመታዊው በዓል ላይ አንዲት ምት ቢያስበልጡ ከበሮው ለሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም እንደሚሰጥ ተነገራቸው። ሰውዬው ሁሉንም እኩል በመደብደብ የታወቀ ነው። አባ ዝግታ ጥርሳቸውን የነቀሉበትን ከበሮ ከሚነጠቁ ብለው፣ ለፈጣሪያቸው ብቻ ነግረው ትእዛዙን ተቀበሉ።

በበዓሉ ቀን ከበሮው በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንጣጣ። ሊጨፍር የተነሣው ሁሉ አንድ እግሩን አንሥቶ የት እንደሚያሳርፈው ግራ ገባው። ሒሳብ ሹሟ ባሏን ረገጠችው፤ ባሏ አለቃዋን ረገጠ። ሥራ አስኪያጁ ግን በፍትሕ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ ጸሐፊዋ መመሪያውን አክብራ ተሸላሚዎቹን ጠራች፤ አትክልተኛውን፣ ዘበኛውን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ሾፌሩን፣ ትንፋሽ እንኳ ሳታበላልጥ። የማን ስም እንደተጠራ ማንም ልብ አላለም። ሥራ አስኪያጁ ክራባታቸውን አስተካክለው ጭብጨባ ሲጠብቁ ሾፌሩ ቀድሟቸው መድረክ ወጣ።

ወደ ከበሮ መቺው ጠጋ አሉ። «የኔ ስም ተጠራ ወይስ አልተጠራም?»

«ተጠርቷል ጌታዬ» አሉ አባ ዝግታ በትሕትና፣ «ከተዋጡት መካከል ነው።»

በማግስቱ አዲስ መመሪያ ወጣ። እኩልነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሥራ አስኪያጁ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ምት ጠበቅ እንዲል ተፈቀደ። ከበሮው ከአባ ዝግታ እጅ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ መጨፈር ያማረው ሁሉ የሥራ አስኪያጁን ስም ደጋግሞ ይጠራል፤ እሳቸውም ሠራተኛው እንዴት እንደሚወዳቸው አውርተው አይጠግቡም።