የእትየ ወርቅውሃ ሰማያዊ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንዲት ቀማሚ ሴት አትጠፋም፤ ሠርግም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን፣ ስደትም ቢሆን። ድሮ በሩቅ አገር ብረትን ወርቅ እናደርጋለን ብለው ዕድሜያቸውን ምድጃ ሥር የፈጁ ጠቢባን ነበሩ ይባላል። ያልተሳካላቸው ጎረቤታቸው ያለችውን ሴት ስላላማከሩ ይሆናል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወጣ ብሎ በተተከለው የስደተኞች ሰፈር ይህን የሊቅነት ወንበር የያዙት ክብርት ወይዘሮ ወርቅውሃ ነበሩ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ የሚጣል ነገር አያውቁም። የዘይት ቆርቆሮ በሳቸው እጅ ኩራዝ ይሆናል፤ አመድ ሳሙና ይሆናል፤ የማሽላ ገለባ ተቀቅሎ ቀይ ቀለም ይወጣውና የልጆች ቀሚስ ይነከርበታል። አንድ ሰው አንዳች ነገር ሊወረውር እጁን ካነሳ "ተው! ገና ነፍስ አለው!" እያሉ ይደርሳሉ። የሚበላ ነገር ግን ለቅመማ ብለው ነክተው አያውቁም፤ በዚያ ዘመን በእህል የሚቀልድ አልነበረም። የቀመሙትን ሁሉ ስለሚቀምሱ ምላሳቸው አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ጥቁር ሆኖ ይውላል።

ይህ ሁሉ የሚያንገበግበው ጎረቤታቸውን ሠዓሊ ጋረደውን ነበር። ጋረደው በጎንደር አድባራት ቅዱሳንን ሲሥል የኖረ፣ ቀለም የሚያከብር ሰው ነው። በስደቱ መንገድ እግሩ አልንቀሳቀስ ሲለው "እመቤቴ፣ ከዚህ ካወጣሽኝ ሥዕልሽን ሥዬ አስገባለሁ" ብሎ ተስሏል። አሁን አስተርእዮ ማርያም ነገ ነው። የእርዳታ ዱቄት የመጣበት አቡጀዲ ከረጢት ተወጥሮ፣ ይዞት በተሰደደው ቀለም ፊቷም ልጇም አልቆ፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋ ብቻ ቀርቷል። ገዳሪፍ ገበያ ወርዶ ቢጠይቅ ያገኘው ነጋዴ ሁሉ በዐረብኛ "ማፊ!"፣ የለም፣ ብሎ ሸኘው። ስለት ሳያስገቡ መቅረትን ደግሞ ከረሃቡ ይልቅ ይፈራው ነበር።

"አንተ ጋረደው፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አሉት ወይዘሮ ወርቅውሃ።

"ሰማያዊ አጣሁ፣ እትየ።"

"እሱ ነው? እኔ አለሁልህ አይደል!"

"እመቤታችን ናት እኮ! የልጅ ቀሚስ መሰለችዎ?"

"እሷስ ብትሆን በከብት በረት የወለደች አይደለች? መቼ ነው ያማረጠችው!"

መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። ከሱዳኒዋ ሻይ ሻጭ ተፈልቶ ያለቀለትን የከርከዴ አበባ ለምነው አመጡ፤ ቀቀሉት፤ የግራር ሙጫ ጨመሩበት። ደም የመሰለው ውሃ ላይ የአመድ ውሃ ጠብ ጠብ ሲያደርጉበት፣ ጋረደው ዓይኑ እያየ፣ ቀዩ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ወይን ጠጁ ሰማያዊ ሆነ። አማተበ። እሳቸው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና "ኻላስ! ደርሷል" አሉ። ሠዓሊውም ኩራቱን ዋጥ አድርጎ መጎናጸፊያዋን ቀባ።

ሲነጋ መጎናጸፊያው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀው።

"ጉድ ሠሩኝ! አረንጓዴ ማርያም የት አገር አለች?"

"አመዱ ትንሽ በዝቶ ይሆናል" አሉ ወይዘሮዋ፣ ጨው ስለበዛበት ወጥ የሚያወሩ ይመስል።

የሰፈሩ ቄስ ሥዕሉን ሊቀበሉ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ማስተካከያ ጊዜ የለም። ሥዕሉ በሁለት ሰው ተይዞ ወጣ።

ለበዓሉ የተሰበሰበው ሕዝብ አንገቱን አስግጎ አየ። ጋረደው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። የደረቀ ማሳቸውን ጥለው የመጡ ገበሬ፣ አባ ስማቸው፣ ከፊት ቆመው ነበርና ጠጋ ብለው አዩ፤ ከዚያም ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ክረምት ለብሳ መጣች!" አሉ። "እናንተ፣ እመቤቴ ክረምት ለብሳልን መጣች!"

እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። ዝናብ የሚለውን ቃል ማንሳት ከብዶት የከረመ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ያጨበጭብ፣ እያጨበጨበ ይስቅ ጀመር። ቄሱም ጸናጽላቸውን አነሱ። የጋረደው ስለት ደረሰለት።

በአገሩ ልማድ ሥዕል ያሣለ ሰው ራሱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል። ጋረደው በማግስቱ ብሩሹን ይዞ ተመለሰና ከእግሯ ሥር ድስት ያቀፈች አንዲት ሴት ሣለ። ወይዘሮ ወርቅውሃ መጥተው አጎንብሰው አዩ።

"ይቺ ማናት?"

"አንቱ ነዎት፣ እትየ።"

"አንተሳ? ስለቱ ያንተ አይደል?"

"እኔን እሷ ታውቀኛለች። አንቱን ግን አገር ሁሉ እንዲያውቅልኝ ነው።"

ወይዘሮ ወርቅውሃ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨምሩበት ነገር አጡ።