የጉም ደሴት ባለርስቶች

ተረቴ ትምጣ፣ ሰሚዋም ይቀመጥ። ድሮ፣ እንስሳት መሬት እንጂ የመሬት ኮሚቴ ባልነበራቸው ዘመን፣ ጉም በወረደ ቁጥር ከአንድ ሐይቅ መሐል ደሴት ብቅ ይል ነበር። ኮረብታና ዛፍ ይታይበታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የለም። ቢሆንም ሁሉም ወደደው። ያልረገጡት መሬት እሾህ የለውማ።

አንድ ቀን ዝንጀሮ ኮሚቴ አቋቋመና ራሱን ሰብሳቢ አደረገ። ደሴቱ በዕጣ ይከፋፈል አለ። በሬ ከጭራው፣ ፍየል ከጢሟ፣ አህያ ከጋማዋ ፀጉር ነጭተው ለምልክት ሰጡ። ፍልፈል ዓይኑ አያይምና ለአድልዎ አይመችም ተብሎ ዕጣ አውጪ ሆነ። ለእመት አህያ ጅረት ያለበት ለጥ ያለ መስክ ወጣላት። እርጉዝ ስለነበረች ደስታዋ እጥፍ ሆነ።

ያን ጊዜ ዝንጀሮ አንድ ደንብ አስታወሰ። በሁለት ቦታ መሬት መያዝ ነውር ስለሆነ፣ ደሴት የደረሰው ሁሉ እስካሁን የሚግጥበትን የሐይቅ ዳር መስክ ለኮሚቴው ያስረክብ አለ። ኮሚቴው ራሱ ግን ለሕዝብ ሲል ዕጣ አልጣለም ነበርና ደንቡ አልነካውም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ለካ ከዝንጀሮም አያስጥልም። ደንቡ ሲነገር ባሏ ሰኮናውን እያጋጨ ሲያጨበጭብ ነበር።

ዳክዬ በደሴቱ ላይ በርሬ አይቻለሁ፣ ውሃ ብቻ ነው ብትል፣ ዕጣ ስላልደረሳት ቀናች ብለው ከስብሰባው አስወጧት።

አህያ መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ ቀድሞ መስኳ ሄደች። ዝንጀሮ ከነዘመዶቹ ሣሯን እየነጨ ይበላል።

«አያ ዝንጀሮ፣ ልወልድ ነው። ደሴቱ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል» አለችው።

«የጠፋው ያንቺ ድርሻ ብቻ ነው?»

«የሁሉም ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሌላው ዝም ሲል አንቺ ምን ሆነሻል?» አላት፣ ማኘኩን ሳያቆም። «በሬና ፍየል እዚያው ደሴት ላይ ድንበር ተገፋፋን ብለው ሽማግሌ ፊት ቆመዋል። መሬቱ ባይኖር በምን ይካሰሳሉ?»

አህያ ከመስኩ ተባርራ ጠጠር ላይ ወለደች። ውርንጭላዋ ጡቷን ቢጠባ ወተት የለም። በማግስቱ ጉም ወርዶ ደሴቱ ከነለምለሙ ብቅ ሲል፣ ውርንጭላዋ ያ የማን ነው ብሎ ጠየቃት።

«የእኛ ነው ልጄ» አለችው። «ለዓይናችን ደሴት ሰጥተው፣ ከጥርሳችን ሣር ወሰዱ።»