“ቆይ” የተባሉ ሁለት ሰዎች

ልጅ ሲያለቅስ ብዙም አልፈራም። ለቅሶ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ እንባ ይወርዳል፣ አፍንጫ ይጠረጋል፣ ያልቃል። መነጫነጭ ግን እንደ ቦንጋ ካፊያ ነው። ጃንጥላ ለመዘርጋት ያንሳል፣ እየቆየ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እንባ የለው፣ ምክንያት የለው፣ የሻይ ሰዓት የለው። እናንተስ ቤት እንዴት ነው?

ሰኔ ላይ ባለቤቴ ለሥራ ወደ ደካ ከተማ ሄደች። የአራት ዓመቷን ልጃችንን ሶስናን የምትይዝልን ጎረቤታችን ደግሞ ዋጫ ከተማ ለቅሶ ነበረባት። ምን አማራጭ አለኝ? ልጄን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ሥራዬ የመሬት ይዞታ መዝገብ ላይ ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ የዓመቱን ሪፖርት ማስረከብ ነበረብኝ።

ሶስናም በበኩሏ ሥራዋን ጀመረች። “አባዬ” የምትለዋን ቃል እንደ ላስቲክ ትስብና ጫፏን በአፍንጫዋ ታወጣዋለች። ብስኩት ሰጠኋት፤ ተሰብሯል ብላ መለሰችልኝ። ያልተሰበረ ሰጠኋት፤ የተሰበረውን ፈለገች። በመጨረሻ እስክሪብቶና ወረቀት ሰጥቼ ሳዪ አልኳት። ሰላም ወረደ፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ እንደገና “አባዬ...”። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳልነቅል ቆይ አልኳት። ደግማ ጠራችኝ። አሁን እመጣለሁ፣ ቆይ።

በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ጋሽ አየለ ተቀምጠዋል። የማንኪራ ገበሬ ናቸው፤ የይዞታ ደብተራቸው ላይ የአባታቸው ስም ተሳስቶ ስለተጻፈ እንዲታረምላቸው ነው የሚመላለሱት። ሲመጡ ይሄ ሦስተኛቸው ነው። ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠው ይመጣሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኔም ነገ ይመለሱ እላቸዋለሁ። በትህትና ነው የምላቸው፤ ሰው አላመናጭቅም።

ሶስናን በእጃቸው ጠሯት። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጄ ይጽፋል፣ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው።

“አባትሽን ምን ፈልገሽው ነው?” አሏት።

“ስዕሌን እንዲያይልኝ።”

“ታዲያ ምን አለሽ?”

“ቆይ አለኝ።”

ጋሽ አየለም፣ “እኔንም እንደዚያው ነው ያለኝ” አሏት።

አሽሙር አልነበረበትም። የሥራ ባልደረባ ለባልደረባው እንደሚያወራው ነው ያወሯት። ሶስና አሳዘኗት መሰለኝ፣ የተሰበረውን ብስኩት አንስታ ግማሹን ሰጠቻቸው። ተቀብለው በሉ። ሁለቱም እያላመጡ አዩኝ።

ከዚህ በኋላ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ካለ ልቡ ድንጋይ ነው። ተነስቼ ስዕሉን አየሁት። እጁ እግሩን የሚያክል አንድ ትልቅ ሰውዬ ነው። አንቺ ይሄ ማነው አልኳት፤ አባዬ ነው አለች። ዓይኑስ የታለ ብላት፣ ቆይ አለችኝ።

ቆየሁ። ሁለት ነጥብ አድርጋ ሰጠችኝ። ከዚያ የጋሽ አየለን ፋይል አወጣሁ፣ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ፣ የማረሚያውን ደብዳቤ ጽፌ አስፈረምኩ፣ ማህተም አስመታሁ። ሶስና ቀሚሷን እየጎተተች ከቢሮ ቢሮ ተከተለችኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነጫነጨችም። ስንት ሳምንት የፈጀ ጉዳይ አንድ ሻይ ፈልቶ እስኪጠጣ አለቀ። ጋሽ አየለ የአባታቸውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱና የልጄን ራስ ዳብሰው ሄዱ። ሪፖርቱ ዘገየ፤ አለቃዬም ተቆጡኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። እንዲያውም የተለወጠ ሰው ሆኜ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ከማንኪራ የመጡ ሁለት አዛውንት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንደኛው የልጅ ልጃቸውን አቅፈዋል፤ ሌላኛውም እንደዚሁ። ሕፃናቱ ገና ሲያዩኝ በአንድ ድምፅ መነጫነጭ ጀመሩ። ልጆቹን ምን ነካቸው ብዬ ስጠይቅ፣ ታላቅየው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምንም አልሆኑም፣ ጉዳያችን እንዲያልቅ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ ብሎን ነው አየለ አሉኝ።