በፎቶ የተዳረው እጮኛ

እኔ ስልክና ኮምፒዩተር ያለ አስተማሪ የተማርኩ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ወጣቱ ሁሉ «ጋሽ ተሰማን ጠይቁ» የሚልልኝ ሽማግሌ ነኝ። ግን ያየውን ፎቶ ሁሉ ለሚያምን ሰው ምን መድኃኒት አለው?

በቀደም፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው አስቴር እያለቀሰች መጣች። ድሬዳዋ ያለው እጮኛዋ ከሌላ ሴት ጋር ሙሽራ ሆኖ የሚታይበትን ፎቶ ጎረቤቴ በላይነሽ ፌስቡክ ላይ አግኝታ አሳይታታለች።

«ጋሼ፣ ቀለበቱን ልመልስለት ነው።»

«በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!» አለች አብራት የመጣችው በላይነሽ።

«ዓይን የማያየውም አለ» ብዬ ፎቶውን በስልኬ መረመርኩት። ፎቶ ፈጣሪው ማሽን፣ ኤአይ የሚሉት፣ በሥራው ላይ የሚያትመው ስውር ምልክት ብቅ አለ! ወዲያው ለእጮኛዋ ደወልን።

«አስትዬ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እኮ! የሰርጋችንን ፎቶ ሳሠራ ማሽኑ መልክሽን አበላሸብኝ እንጂ!»

አስቴር እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔም እፎይ አልኩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ፦ የማሽን ሥራ አጋለጥኩ፣ ሰርግ አዳንኩ፣ በላይነሽን ዝም አሰኘሁ። ይህን የመጨረሻውን ባሏም አልቻለውም።