ጓዳ መግባት የከለከለው ዘካሪያስ

መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ከወባ ሊያመልጥ ይችላል፤ ከአሰልጣኝ ግን አያመልጥም። የኛው ክቡር አሰልጣኝ ዘካሪያስ ይባላሉ። እኔ መዝገብ ቤት በምሠራበት የሙዝ አምራቾች ማኅበር ይኸው አራተኛ ዙራቸው ነው።

የሚያስተምሩት ሶፍትዌር ነው። እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ የገባኝም ይኸው ነው። አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሁሉን ከሚጠቀልል፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ይይዛል። የሚዛን ክፍሉ ኪሎ ይናገራል፣ የመውጫ ክፍሉ ፈቃድ ይሰጣል። ኮምፒውተሮቹ በር ላይ ይጠያየቃሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ጓዳ አይበረብርም። ክቡርነታቸው ይህንን በቀን አርባ ጊዜ ይሉታል፦ «ጓዳ መግባት የለም! በር ላይ ጠይቅ፣ በር ላይ ተቀበል!»

ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ሳይሰማ ሰዉ ሰማ።

በማግስቱ የሚዛን ክፍሉ ሠራተኛ ባፈና አናጢ ጠርቶ በሩ ላይ እጅ ብቻ የምታሾልክ መስኮት አስቀደደ። የመውጫ ፈቃድ ሰጪዋ ወይዘሮ ማዕዶትም አልቀረችም። ድሮ በግድግዳው በኩል «አንተ ባፈና፣ ስንት መዘነ?» ትላለች፣ «አርባ ኩንታል!» ይላታል፣ መኪናው ይሄዳል። አሁን በቅጽ ትጠይቃለች፣ በቅጽ ይመልሳል። ቅጹን የሚያደርስ ግን የለም፤ ጓዳ መግባት ክልክል ነዋ።

ክቡርነታቸው ሲያዩ ሊያለቅሱ ደረሱ። «እኔ ያልኩት ለሶፍትዌሩ ነው!»

«ሶፍትዌሩ መቼ ተጫነና?» አለ ባፈና በመስኮቱ። «እኛ ቀድመን እየተለማመድን ነው።»

ሰኞ ለት ኦይታ የሚባል ገበሬ ሙዙን አስጭኖ ግቢያችን ቆመ። ሙዙ ሲጫን አረንጓዴ ነበር። ረቡዕ ከሸራው ሥር ሽታው መምጣት ጀመረ።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሙዙ እኮ ቅጽ አያነብም። መንገድ ላይ ከበሰለ አዲስ አበባ ማን ይረከበኛል? ልፋቴ ሁሉ እዚህች መኪና ላይ ነው።»

ባፈና ጋ ሄድኩ፤ «መልሱን ጽፌያለሁ፣ የኔ በር ላይ ነው» አለኝ። ማዕዶት ጋ ሄድኩ፤ «የኔ በር አልደረሰም» አለችኝ።

ያን ጊዜ ክቡር አሰልጣኝ ፕሮጀክተሩን እንደበራ ትተው ከአዳራሹ ወጡ። ኮታቸውን አወለቁ። ኮቱን ካወለቀ በኋላማ ዘካሪያስ ብቻ ነው። ከባፈና ቅጹን ተቀብሎ ወደ ማዕዶት ሮጠ። «ቀን የለውም» አለችው። ተመለሰ። «ፊርማ ጎደለ።» ተመለሰ። በዚያ በአርባ ምንጭ ፀሐይ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። በስድስተኛው ማኅተሙ ተመታ። ኦይታ «እግዜር ያክብርህ!» እያለ መኪናው ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ።

ዘካሪያስ ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። «ሁለት ዓመት አስተምሬ፣» አለ፣ «መጨረሻ ላይ ሶፍትዌሩ እኔ ሆንኩ።»

ውሃ ሰጠሁት። እውነቱን ነው።

አርብ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ስልጠናው ከገባችሁ አሰልጣኙ ወደ ሌላ ዞን ይዛወራል፣ ካልገባችሁ ይደገማል ይላል። መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ። እሱ ከሄደ ደግሞ ቅጹን ማን ያመላልስልናል? ብዕሬን አነሳሁና «ምንም አልገባንም፤ ራሱ ዘካሪያስ ለአምስተኛ ዙር ይምጣልን» ብዬ ጻፍኩ።

ለባፈና አነበብኩለት።

«አምስተኛ ብቻ?» አለኝ። «ስድስተኛም ጨምርበት እንጂ፣ ሰውዬው እኛ እስክንገባው።»