ናታን የለም

እኛ ዘንድ መሳሳት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ስህተቱ መታየቱ ነው። ለቡ አካባቢ የሚከራይ አዲስ ቤት ፍለጋ ዞር ዞር ብላችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ለምን ተሰነጠቀ ብሎ መሠረቱን የሚያይ የለም። ስቱኮ ይለቀለቃል፣ ቀለም ይቀባበታል፣ እናንተም ገብታችሁ "ሲያምር!" ትላላችሁ። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ተመልሶ ይመጣል፤ ቀቢው ግን ያኔ ሌላ ሰፈር ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እየተባልን ነበር ያደግነው። አድገን የገዛነው ግን መድኃኒቱን ሳይሆን መደበቂያውን ነው።

እኔ ቀቢ አይደለሁም። እዚያው ለቡ፣ ሴራሚክ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ ጃቫ በሚባል ቋንቋ። አትፍሩ፣ ኮምፒውተር ነክታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ ይገባችኋል። ጃቫ ሐቀኛ ነው። የሌለ ነገር አምጣ ብላችሁ ብታዙት እንደ እኛ "እሺ፣ ነገ" አይልም። እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆምና በቀይ ጽሑፍ ይጮሃል፤ ምን እንዳጣ፣ የቱ መስመር ላይ እንዳጣ፣ ማን እንደላከው ሳይቀር ይዘረዝራል። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" የሚለው ተረት የገባው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጩኸቱን የምትቀበሉበት ቦታም አዘጋጅቶላችኋል፤ "ካች" ይባላል። ስህተቱን እዚያ ትይዙትና ምን መደረግ እንዳለበት ትጽፋላችሁ። ቦታውን ባዶ ብትተዉትም ታዲያ አይከለክላችሁም። ያኔ ስህተቱ ይያዛል፣ ይዋጣል፣ ማንም ምንም አይሰማም። በአማርኛ ስሙ ሆድ ይፍጀው ነው።

አለቃችን ይቺን ባዶ ቦታ ይወዳታል። "ኢንጂነር" እንለዋለን፤ የምን ኢንጂነር እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። ባለፈው ክረምት ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች መመዝገቢያ ሠርተን ልናስረክብ ስንል፣ ሙከራው ላይ ፕሮግራሙ ጮኸ። መስመሩን ተከትዬ ሄድኩ። የአባት ስም ቦታው ባዶ የሆነ አንድ ተማሪ አለ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የአባት ስም የሌለው ሰው ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም።

"ትምህርት ቤቱን እንጠይቃቸዋ፤ አባት ለሌለው ልጅ ምን ይጻፍ?" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ነገር ስታበዢ! ደንበኛ ፊት ቀይ ነገር እንዳላይ። አፍኚው።"

እምቢ አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ራሱ ቁጭ ብሎ አፈነው። በርክክቡ ቀን አንድም ቀይ ነገር አልታየም። ተጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ።

ሀና ማርያም በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አስቴር የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ልጇ ናታን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። አባቱ ገና ሳይወለድ "አላውቀውም" ብሎ የሄደ ሰው ነው። አስቴር ስለ እሱ ስትጠየቅ "ጌታ ያውቃል" ትልና ወሬ ትለውጣለች። መዋሸት ግን አትወድም። የመመዝገቢያ ፎርሙ ላይ የአባት ስም የሚለው ጋ ስትደርስ፣ "የሌለውን ከየት ላምጣ?" ብላ ባዶውን ተወችው። ልክ እንደ ጃቫ ማለት ነው።

ትምህርት በተከፈተ ቀን ናታን አዲስ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ከጀርባው የሰፋ ቦርሳ አዝሎ ሄደ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ስማቸው እየተጠራ ወደ ክፍላቸው ገቡ። የእሱ ስም ሳይጠራ ሜዳው ላይ ብቻውን ቀረ። አስቴር ጸሐፊዋን ስትጠይቃት ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ "ሲስተሙ አያውቀውም" አለቻት።

"አባቱም እንደዚያው ነበር ያለው" ብላ ነገረችኝና ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም።

መመዝገቢያውን የሠራንለት ያው ትምህርት ቤት ነው፤ ያ ባዶ ቦታ የማን እንደነበር፣ ከስህተቱ ጋር አብሮ ማን እንደተዋጠ ያወቅሁት ያኔ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ቢሮ ገብቼ ጮህኩ። ኢንጂነር ግን ሻዩን እንኳ አላስቀመጠም።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ባዶ ከሆነ 'የለም' ብሎ ይሙላው። አለቀ።"

"እስቲ ከልጁ ስም ጋር በአማርኛ ጮክ ብለህ አንብበው።"

"ኮድ ይሠራል እንጂ አይነበብም" አለኝ። በዚያው ቀን ተስተካክሎ ተላከ።

በማግስቱ አስተማሪዋ የታተመውን ወረቀት ይዛ "ናታን የለም" ብላ ጠራች።

"አለሁ!" አለ ናታን፣ እጁን ሽቅብ አውጥቶ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋም ግራ ገብቷት ወረቀቱን ደግማ አነበበች። "ናታን የለም።"

"አለሁ እኮ ሚስ!"

ከዚያ ወዲያ የሰፈር ልጆች ስም አወጡለት። "የለም! ና ኳስ እንጫወት!" ይሉታል። እሱም ይሄዳል፤ ምን ያድርግ።

አስቴር ቤቴ መጣች። "እህቴ፣ የኔን ስም አስገቡበት፤ ያሳደግሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁጭ ብዬ በደንቡ ጻፍኩት፤ የአባት ስም ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙ በግልጽ ይናገራል፣ የእናት ወይም የአሳዳጊ ስም ይጠይቃል፣ ማንንም አይዘልም፣ በማንም ላይ "የለም" አይጽፍም። ኢንጂነር አየውና ግንባሩን ቋጠረ። "ይሄ ጥያቄ ያበዛል። ደንበኛ ጥያቄ አይወድም" አለ። ሥራዬ እስከ ዛሬ የእኔው ኮምፒውተር ላይ ተኝቷል።

አስቴር ጠበቀች፣ ጠበቀችና ሰለቻት። ትምህርት ቤት ሄዳ የወንድሟን የማርቆስን ስም እንደ አባት ስም አስጻፈች። እውነቱን ሲሰጡት የወደቀው ፕሮግራም ውሸቱን ያለ አንዳች ጩኸት ተቀበለና በአረንጓዴ "ተመዝግቧል" አለ። "አየሽ? ተስተካከለ" አለኝ ኢንጂነር። አስቴር ለልጇ ምን ብላ ታስረዳው? እሷም በተራዋ ሆድ ይፍጀው ብላ አዲሱን ስሙን ሳትነግረው ቀረች።

ባለፈው ሰኞ የተበላሸ ፕሪንተር ልጠግን ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። በናታን ክፍል በኩል ሳልፍ አዲስ የመጣች አስተማሪ ስም ትጠራለች። ቆም ብዬ በመስኮቱ አየሁ።

"ናታን ማርቆስ።"

ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች።

"ናታን ማርቆስ!"

ናታን እንደ ሌሎቹ ልጆች ወደ ኋላ ዞር ብሎ ይህ ማርቆስ የተባለ ልጅ የቱ እንደሆነ ይፈልጋል። አንተን ነው ልለው በመስታወቱ በኩል እጄን አወዛወዝኩለት። አወቀኝ፤ ፈገግ ብሎ እሱም እጁን አወዛወዘልኝ። አስተማሪዋ ትንሽ ጠበቀች፣ እስክሪብቶዋን አነሳች፣ ከስሙ ፊት ለፊትም ጻፈች፦ "የለም።"